ከመቀስ የተረፈ ሥራ፦ ፍሪትዝ ላንግና የ«ሜትሮፖሊስ» ፊልም ልዩ ልዩ ቅጂዎች

መግቢያ

በሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም ታሪክ ውስጥ «ሜትሮፖሊስ»ን ያህል ስሙ የገነነ፣ የመጀመሪያ መልኩ ግን ለረጅም ዘመን ከእይታ የተሰወረ ሥራ ማግኘት ያዳግታል። ይህ ድምፅ አልባ ፊልም ጃንዋሪ 10 ቀን 1927 በርሊን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ርዝመቱ 4189 ሜትር ነበር (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያው ዓመት ግን ፊልሙ ተቆርጦ አጠረ፤ የመጀመሪያውን ቅጂ የማየት ዕድል ያገኙትም ከሞላ ጎደል የበርሊን ተመልካቾች ብቻ ሆኑ። ከዚያ በኋላ ለሰማንያ ዓመታት ያህል ዓለም የተወያየበት፣ ያደነቀውና የነቀፈው «ሜትሮፖሊስ» ዳይሬክተሩ አጠናቆ ያስረከበው ሥራ አልነበረም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዳይሬክተሩን የፍሪትዝ ላንግን የሕይወት ታሪክ ከፊልሙ ቅጂዎች ታሪክ ጋር አዛምዶ በአጭሩ ማቅረብ ነው። ጽሑፉ ሁለት ነጥቦችን ለማሳየት ይሞክራል። አንደኛው፣ ቅጂዎቹ የሚለያዩት በርዝመት ብቻ ሳይሆን በትርጉምም በመሆኑ፣ በፊልሙ ላይ የተሰጠ ፍርድ ሁሉ የትኛውን ቅጂ እንደሚመለከት መጠየቅ የሚገባ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ላንግ ስለ ራሱ የተረከው ሕይወትም እንደ ፊልሙ ሁሉ ከአንድ በላይ ቅጂ ያለውና ከሰነድ ጋር ተመሳክሮ መነበብ የሚያስፈልገው መሆኑ ነው።

ከቪየና እስከ በርሊን

ፍሪትዝ ላንግ ዲሴምበር 5 ቀን 1890 በቪየና ከተማ ተወለደ። አባቱ በሕንፃ ሥራ የተሰማራ ሰው ነበር፤ እናቱ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወልዳ በኋላ የካቶሊክን እምነት የተቀበለች ናት። የአባቱን ሙያ እንዲወርስ ታስቦ በቪየና የቴክኒክ ትምህርት ቢጀምርም ልቡ ወደ ሥዕል አዘነበለ። ትምህርቱን ትቶ ከአገር አገር ተዘዋወረ፤ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት እስከ ፈነዳበት እስከ 1914 ድረስም በፓሪስ እየሣለ ኖረ። ጦርነቱ ሲጀመር ወደ ኦስትሪያ ተመልሶ በጦር ሠራዊቱ ውስጥ አገለገለ፤ ቆሰለም። ለፊልም የሚሆኑ ድርሰቶችን መጻፍ የጀመረው ከቁስሉ በሚያገግምበት ጊዜ ነበር።

በ1918 ወደ በርሊን ያመጣው ፕሮዲዩሰር ኤሪክ ፖመር ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ላንግ ከጀርመን ታላላቅ ዳይሬክተሮች አንዱ ለመሆን በቃ። በ1921 «የደከመው ሞት»ን፣ በ1922 የወንጀለኛውን የዶክተር ማቡዘን ታሪክ፣ በ1924 ደግሞ በጥንታዊው የጀርመን ተረት ላይ የተመሠረተውን «ኒቤሉንገን»ን አቀረበ። በ1922 ያገባት ደራሲ ቴያ ፎን ሃርቡ የእነዚህ ፊልሞች ድርሰት ተባባሪ ነበረች። «ሜትሮፖሊስ»ንም በልብ ወለድ መጽሐፍነትም ሆነ በፊልም ድርሰትነት የጻፈችው እርሷ ናት።

የሕይወት ታሪኩ የመጀመሪያ «ሁለት ቅጂ» የሚገጥመን እዚህ ላይ ነው። ላንግ በኋለኛ ዘመኑ የፊልሙ ሐሳብ የተፀነሰው በ1924 መኸር ወደ ኒውዮርክ በተጓዘ ጊዜ፣ የከተማይቱን ሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎችና የሌሊት መብራቶች ከመርከብ ላይ ባየበት ቅጽበት እንደሆነ ደጋግሞ ተርኳል። ይሁን እንጂ የፊልሙ ድርሰት ከጉዞው አስቀድሞ በዚያው ዓመት በጋ እየተጻፈ ነበር። ጉዞው የከተማይቱን ምስል አዳብሮለት ይሆናል፤ ምንጩ ግን እርሱ ብቻ አልነበረም። ላንግ የረጅም ጊዜ የጋራ ሥራን ወደ አንድ አስደናቂ ትዕይንት ጨምቆ አቀረበው። ይህም ጥሩ የፊልም ሰው የሚያደርገው ነገር ነው።

የፊልሙ ሥራና የመጀመሪያው ቅጂ

ቀረጻው በሜይ 1925 ተጀምሮ በኦክቶበር 1926 ተጠናቀቀ። አሠሪው ኩባንያ ኡፋ መጀመሪያ የመደበው በጀት 1.5 ሚሊዮን ማርክ ያህል ሲሆን የመጨረሻው ወጪ ግን ከ5 ሚሊዮን ማርክ በላይ ሆነ። ግዙፎቹ ሕንፃዎች በአመዛኙ ትናንሽ አምሳያዎች ነበሩ፤ ኦይገን ሹፍታን በመስተዋት እየታገዘ አምሳያዎቹን ከሕያዋን ተዋንያን ጋር በአንድ ምስል ውስጥ የሚያዋህድበት ዘዴም በፊልሙ ውስጥ በሥራ ላይ ውሏል። ላንግ አንድን ትዕይንት ደጋግሞ በማስቀረጽ፣ ተዋንያኑንም በማድከም የታወቀ ነበር። የማሪያንና የማሽኒቱን ሴት ገጸ ባሕርያት የተጫወተችው ወጣቷ ብሪጊተ ሄልም የዚህን ጥብቅነት ጫና ከሁሉም በላይ ተሸክማለች።

ታሪኩ ሁለት እርከን ባላት ከተማ ውስጥ ይፈጸማል። ከላይ ባለጸጎች፣ ከምድር በታች ሠራተኞች ይኖራሉ። የከተማይቱ ገዥ የዮ ፍሬደርሰን ልጅ ፍሬደር ማሪያን ተከትሎ ወደ ታች ሲወርድ የሠራተኞቹን ሥቃይ ያያል። ፍሬደርሰን ደግሞ ሮትቫንግ የተባለው ፈልሳፊ የሠራት ማሽን የማሪያን መልክ እንድትይዝና ሠራተኞቹን እንድታሳስት ያዛል።

በመጀመሪያው ቅጂ የዚህ ሁሉ ሥር የሆነች አንዲት ሟች ሴት አለች፤ ስሟ ሄል ነው። ሮትቫንግ ይወዳት ነበር፤ እርሷ ግን ፍሬደርሰንን አግብታ ፍሬደርን ስትወልድ ሞተች። ሮትቫንግ በቤቱ ውስጥ ሐውልት አቆመላት፤ ማሽኒቱንም የሠራት ሄልን መልሶ ለማግኘት ነው። ስለዚህ የፍሬደርሰንን ትእዛዝ የሚቀበለው በታዛዥነት ሳይሆን ልጁንና ከተማውን አጥፍቶ ለመበቀል ነው። የፊልሙ ግጭት በአንድ በኩል የመደብ፣ በሌላ በኩል የሁለት ሰዎች የቆየ ቂም ነው።

የአሜሪካው ቅጂ፦ ሄል ስትጠፋ

ፊልሙ ገና በቀረጻ ላይ ሳለ ኡፋ ከዕዳው ለመውጣት ከፓራማውንትና ከሜትሮ ጎልድዊን ኩባንያዎች ጋር በ1925 መጨረሻ ስምምነት አድርጎ ነበር። በዚህም መሠረት ፊልሙን በአሜሪካ የማሳየት መብት የፓራማውንት ሆነ። ኩባንያው ከሁለት ሰዓት ተኩል የሚበልጠው ርዝመት ለአሜሪካ አዳራሾች አይመችም ብሎ ስላመነ ቻኒንግ ፖሎክ የተባለ ጸሐፌ ተውኔት ፊልሙን እንደገና እንዲያዋቅር ቀጠረ።

ፖሎክ ያደረገው ማሳጠር ብቻ አልነበረም፤ በትዕይንቶች መካከል የሚገቡትን ጽሑፎች ለውጦ ሌላ ታሪክ ጻፈ። የሄል ስም በእንግሊዝኛ «ሲኦል» ከሚለው ቃል ጋር ስለሚመሳሰል ያሥቃል ተብሎ ተፈርቶ ሴቲቱ ከነሐውልቷ ከፊልሙ ወጣች። እርሷ ስትወጣ የሮትቫንግ ሐዘንም ቂምም አብሮ ወጣ። በአዲሱ ቅጂ ማሽኒቱ የተሠራችው ድካም የማያውቅ ሠራተኛ ለመፍጠር ነው፤ ሮትቫንግም ያለ ምክንያት የሚያብድ ሊቅ ሆኖ ቀረ። ቀድሞ በሐዘን የተጎዳ ሰው የነበረው ገጸ ባሕርይ በኋለኞቹ የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልሞች ውስጥ ተደጋግሞ የሚታየውን እብድ ሳይንቲስት መሰለ።

ሌላው ጉዳት በንዑሳን ገጸ ባሕርያት ላይ የደረሰ ነው። ከፍሬደር ጋር ልብስ የሚለዋወጠው 11811 ቁጥር ሠራተኛ፣ በፍሬደርሰን ከሥራ የተባረረው ዮሳፋት፣ እነርሱን እየተከታተለ የሚሰልለው ቀጭኑ ሰው፣ በመጀመሪያው ቅጂ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ታሪክ ነበራቸው። ሠራተኛው የፍሬደርን ልብስ ለብሶ በኪሱ ያገኘውን ገንዘብ ይዞ ወደ መዝናኛው ሰፈር ይሄዳል፤ የተሰጠውንም አደራ ይዘነጋል። ይህ ክፍል ሲቆረጥ ሠራተኞቹ በአንድነት የሚርመሰመስ ሕዝብ ብቻ ሆነው ታዩ። ፊልሙ ሰውን እንደ ማሽን አካል ያያል ተብሎ ሲነቀፍ ከኖረባቸው ምክንያቶች አንዱን የፈጠረው መቀስ ነው ማለት ይቻላል።

ኡፋም በበኩሉ በ1927 ሌላ የአስተዳደር ለውጥ ገጠመው፤ የጋዜጣ ከበርቴው አልፍሬድ ሁገንበርግ ኩባንያውን ያዘ። በዚያው ዓመት ኦገስት ወር ለጀርመን አዳራሾች የቀረበው ቅጂ የአሜሪካውን አቆራረጥ የተከተለና 3241 ሜትር ርዝመት ያለው ነበር። ከመጀመሪያው ቅጂ 948 ሜትር፣ ማለትም ከአምስት አንድ እጅ በላይ ጠፍቷል ማለት ነው። በ1936 ደግሞ ፊልሙ እንደገና ተቆርጦ 2530 ሜትር ያህል ቀረ። ቅጂዎቹን በደቂቃ ሳይሆን በሜትር ማወዳደር የሚመረጠው የድምፅ አልባ ፊልም የማሳያ ፍጥነት ከአዳራሽ አዳራሽ ይለያይ ስለነበር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ሙሉው ቅጂም ቢሆን ከነቀፌታ አላመለጠም። የበርሊን ተቺዎች በጥር ወር 1927 ሥነ ሥዕሉን አድንቀው ታሪኩን ነቅፈዋል፤ ሕዝቡም ወጪውን የሚመልስ ገቢ አላስገኘም። ስለዚህ መቀሱ አንድን ፍጹም ሥራ አበላሸ ብሎ መደምደም አይቻልም። የሚቻለው የፊልሙን ድካምና የአሳጣሪዎቹን ጥፋት ለይቶ ማየት ነው።

ላንግ ከጀርመን ሲወጣ

ላንግ ለተቆረጠው ፊልሙ ሲታገል አልኖረም፤ ወደሚቀጥለው ሥራ አለፈ። በ1929 «ሴት በጨረቃ ላይ» የተሰኘውን ፊልም ሠራ፤ ሮኬት ከመተኮሱ በፊት ቁጥር ወደ ኋላ የሚቆጠርበት ልማድ ከዚህ ፊልም ጋር ተያይዞ ይነሣል። በ1931 የመጀመሪያ ድምፃዊ ፊልሙን «ኤም»ን አቀረበ። በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ «የዶክተር ማቡዘ ኑዛዜ» የተሰኘው ፊልሙ በጀርመን እንዳይታይ ታገደ።

ሁለተኛው «ሁለት ቅጂ» ከዚህ እገዳ ጋር የተያያዘ ነው። ላንግ እንደተረከው፣ የፕሮፓጋንዳ ሚኒስትሩ ጎብልስ አስጠርቶት የጀርመን ፊልም ሥራን እንዲመራ ጠየቀው፤ እርሱም በዚያው ዕለት ማታ ባንክ ሄዶ ገንዘቡን ለማውጣት እንኳ ሳይችል በባቡር አገሩን ጥሎ ኮበለለ። በርሊን ውስጥ የተጠበቀው ፓስፖርቱ ግን በ1933 ለወራት ከጀርመን እየወጣ ሲመለስ እንደነበረና የመጨረሻ መውጫው በጁላይ መጨረሻ እንደሆነ ያሳያል። ይህ ማለት ስደቱ እውነት አልነበረም ማለት አይደለም። እናቱ ከአይሁድ የተወለደች ሰው በዚያች አገር ሊኖር አይችልም ነበር፤ ሥራውም ታግዷል። እውነተኛው ሰው ግን አንድ ሌሊት ያልቆረጠለት፣ ሲያወላውልና ጉዳዩን ሲያዘጋጅ የከረመ ነው። ላንግ ይህንን የማመንታት ጊዜ ከትረካው ቆርጦ አወጣው። የተቆረጠው ክፍል ሲመለስ ጀግንነቱ ይቀንሳል፤ ሰውነቱ ግን ይጎላል።

በዚሁ ዓመት ከቴያ ፎን ሃርቡ ጋር ተፋቱ። እርሷ በጀርመን ቀርታ የናዚ ፓርቲ አባል ሆነች። ላንግ በኋላ ዘመኑ በ«ሜትሮፖሊስ» ፍጻሜ ላይ የሚታየውን የአሠሪና የሠራተኛ እርቅ የማይታመን ብሎ ሲነቅፍ ኃላፊነቱን አብዝቶ በእርሷ ላይ ያሳርፍ ነበር። የእርሷን የፖለቲካ ምርጫ ለምናውቅ ይህን መቀበል ቀላል ነው። ይሁን እንጂ ፊልሙ የሁለቱም ሥራ ነው፤ ምስሉን አድንቆ ለላንግ፣ ታሪኩን ነቅፎ ለሃርቡ ማካፈልም ሌላ ዓይነት መቁረጥ ነው።

ላንግ በፓሪስ አንድ ፊልም ከሠራ በኋላ በ1934 ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ በ1936 «ቁጣ» የተሰኘውን የመጀመሪያ የአሜሪካ ፊልሙን አቀረበ፤ የአገሪቱንም ዜግነት አገኘ። ከሃያ ዓመታት በላይ ዳይሬክተሩ የፊልሙ የመጨረሻ ባለሥልጣን ባልሆነበት የሆሊውድ ሥርዓት ውስጥ ሠራ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ወደ ጀርመን ተመልሶ በሕንድ አገር ታሪክ ላይ የተመሠረቱ ሁለት ተከታታይ ፊልሞችን ሲሠራ የዱሮው ዕጣ ተከተለው፤ አንድ የአሜሪካ አከፋፋይ ሁለቱን አሳጥሮና አዋሕዶ በ1960 እንደ አንድ ፊልም አሳያቸው። በ1963 ደግሞ በጎዳር «ንቀት» ፊልም ውስጥ ራሱን ሆኖ ተጫወተ፤ ገጸ ባሕርዩ ከአሜሪካዊ ፕሮዲዩሰር ጋር የሚጋጭ ሽማግሌ ዳይሬክተር ነው። ላንግ ዓይኑ ደክሞ ኦገስት 2 ቀን 1976 በቤቨርሊ ሂልስ ሞተ። እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ ድረስ የ«ሜትሮፖሊስ» ሙሉ ቅጂ እንደጠፋ ነበር።

ፍለጋውና የኋለኞቹ ቅጂዎች

ከላንግ ሞት በኋላ የተሠሩት ቅጂዎች ሁለት የተለያዩ አመለካከቶችን ያሳያሉ። በ1984 የሙዚቃ ቀማሪው ጆርጆ ሞሮደር ፊልሙን ቀለም ቀብቶ፣ በዘመኑ ዘፈኖች አጅቦ፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል ባነሰ ጊዜ አቀረበው። ቅጂው ለአዲስ ትውልድ ፊልሙን አስተዋወቀ፤ አንዳንድ የጠፉ ክፍሎችንም በፎቶግራፍ ለመተካት ሞከረ። ዓላማው ግን የ1927ቱን ሥራ መመለስ አልነበረም።

በአንጻሩ የሙኒክ ፊልም ሙዚየም ኃላፊ የነበረው ኤኖ ፓታላስ የጠፋውን ቅደም ተከተል ከሰነዶች ለማግኘት ተነሣ። በ1987 ለዕይታ የበቃው የእርሱ ቅጂ ሦስት ምስክሮችን አጣምሯል፤ እነርሱም የፊልሙ ድርሰት፣ የሳንሱር ቢሮው የመዘገባቸው ጽሑፎችና ጎትፍሪድ ሁፐርትዝ ለፊልሙ የደረሰው የሙዚቃ ኖታ ናቸው። በተለይ ኖታው ዋጋው ከፍ ያለ ነበር፤ አዘጋጁ ከአንድ ሺህ በላይ በሆኑ ቦታዎች ላይ በመጋረጃው የሚታየውን ድርጊት ጽፎበት ስለነበር የትኛው ትዕይንት ከየትኛው እንደሚቀድም ሊታወቅ ቻለ። ከዚህ በመነሣት ሙርናው ፋውንዴሽን በ2001 ሌላ ጥራት ያለው ቅጂ አወጣ፤ የጎደሉት ትዕይንቶችም በአጭር ጽሑፍ ተገለጹ። በዚያው ዓመት ፊልሙ በዩኔስኮ የዓለም መታሰቢያ መዝገብ ውስጥ ገባ። የጠፋው ክፍል ለዘለዓለም እንደጠፋ የብዙዎች እምነት ነበር።

እምነቱ የተሻረው በ2008 በቦነስ አይረስ ነው። አንድ የአርጀንቲና አከፋፋይ ረጅሙን ቅጂ በ1928 ወደ አገሩ አስገብቶ ነበር። ቅጂው ኋላ በአንድ የፊልም ተቺ እጅ ገብቶ ሲንከባለል ቆይቶ ወደ 16 ሚሊ ሜትር ፊልም ተገለበጠ፤ ከዚያም የከተማው የፊልም ሙዚየም ንብረት ሆነ። የፊልም ታሪክ አጥኚው ፈርናንዶ ፔኛ፣ አንድ የፊልም ክበብ ኃላፊ «ሜትሮፖሊስ» ሲታይ ፊልሙ እንዳይንቀጠቀጥ ከሁለት ሰዓት በላይ በጣቱ ተጭኖ መያዙን በምሬት ሲናገር መሰማቱን ያውቅ ነበር። በወቅቱ የታወቁት ቅጂዎች ግን ያን ያህል አይረዝሙም። ይህች ትንሽ ቅሬታ ፍንጭ ሆነች። ፓውላ ፌሊክስ ዲዲየር የሙዚየሙ ዳይሬክተር ከሆነች በኋላ ሁለቱ የፊልሙን ጥቅሎች አውጥተው ሲያዩ የጠፉት ትዕይንቶች በዚያው ተገኙ።

የታደሰው ቅጂ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2010 በርሊንና ፍራንክፈርት ላይ ታየ። ወደ 25 ደቂቃ የሚጠጋ ትዕይንት ተመልሶለታል። ሄል በሐውልቷ ተመለሰች፤ የ11811 ቁጥር ሠራተኛ፣ የዮሳፋትና የቀጭኑ ሰው ታሪክም ተያያዘ። የተመለሱት ክፍሎች በጭረት የተሞሉ ናቸው፤ በግልባጩ ጊዜ ከላይና ከጎን የተቆረጠው የምስሉ ጠርዝም በጥቁር ቦታ ተተክቷል። በዚህ ምክንያት ማንኛውም ተመልካች የትኛው ክፍል ከየት እንደመጣ በዓይኑ ለይቶ ያውቃል። አዳሾቹ ጠባሳውን ሙሉ በሙሉ ለመደበቅ አለመሞከራቸው ለሥራው ያላቸውን ታማኝነት ያሳያል። እንዲያም ሆኖ መነኩሴው በካቴድራሉ ውስጥ የሚሰብክበት ክፍል፣ እንዲሁም ፍሬደርሰንና ሮትቫንግ ተደባድበው ማሪያ የምታመልጥበት ክፍል እስካሁን በጽሑፍ ብቻ የተወከሉ ናቸው።

ማጠቃለያ

ከላይ የተዘረዘሩት ቅጂዎች ሲነጻጸሩ ሦስት ነገሮች ጎልተው ይታያሉ። የ1927ቱ የአሜሪካ ቅጂ የገጸ ባሕርያቱን ውስጣዊ ምክንያት አጥፍቷል። የ1984ቱ ቅጂ ፊልሙን ለዘመኑ ጣዕም አስገዝቷል። የ2010ሩ ቅጂ ምክንያቱን መልሷል፤ የፍጻሜውን ድካም ግን አልጠገነም፤ ሊጠግንም አይገባውም። አሠሪና ሠራተኛ እጅ ለእጅ የሚጨባበጡበት መደምደሚያ በሙሉው ቅጂም እንደ ቀድሞው አያሳምንም። ልዩነቱ አሁን የምንነቅፈው ላንግና ሃርቡ የሠሩትን እንጂ ሌሎች የቆረጡትን አለመሆኑ ነው።

ላንግን በሚመለከትም ተመሳሳይ ፍርድ ይገባል። በፓስፖርቱና በፊልሙ ድርሰት የተረጋገጠው ሕይወቱ እርሱ ከተረከው ያነሰ ድንቅ፣ ግን የበለጠ የሚታመን ነው። ሐሳቡን ከሚስቱ ጋር ተጋርቶ ያዳበረ፣ አደጋውን ቀስ በቀስ የተረዳ፣ ከሥራው ላይ ሲቆረጥበት ወደሚቀጥለው ያለፈ ሰው ነበር። ይህን ሰው ከሁለት አቅጣጫ ያጠፉት የኩባንያዎቹ መቀስና የራሱ ትረካ ናቸው። የመለሱት ደግሞ የሳንሱር ቢሮ ፀሐፊዎች፣ በኖታ ጠርዝ ላይ ማስታወሻ የጻፈ ሙዚቀኛ፣ ፓስፖርት ላይ ማኅተም የመቱ የድንበር ሠራተኞችና የፊልም ጥቅል ያልጣሉ የአርጀንቲና ሰዎች ናቸው። አንዳቸውም ታሪክ እንደሚያድኑ አላሰቡም። በፊልም ጥናት ለሚሰማሩ ወጣት ተመራማሪዎች ከዚህ የሚቀረው ትምህርት ግልጽ ነው፤ አንድን ሥራ ለመተንተን ብዕር ከማንሣት በፊት በእጃችን ያለው ቅጂ የትኛው እንደሆነ፣ ማን እንደቆረጠውና ስለምን እንደቆረጠው መጠየቅ ይገባል።